የቤንዚን ሞተር ወይስ የናፍታ ሞተር?

በጎንደር፣ በመተማና በገዳሪፍ መካከል ለሚመላለስ ቤተሰብ የቀረበ ማብራሪያ

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል አልፎ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መንገደኛው ማለዳ ጋቢውን ተከናንቦ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ይነሣል፤ በገንዳ ውሃ በኩል ወርዶ ጠረፍ ሲደርስ ግን ከፍታው 700 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሙቀቱም በሚያዝያ ወር 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ አልፎ አልፎም ከዚያ ይበልጣል። ድንበሩ ክፍት ሆኖለት ገላባት ከገባ በኋላ ደግሞ በዶካ በኩል እስከ ገዳሪፍ ከተማ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳ ይጠብቀዋል።

በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ኑሮው በማሽላና በሰሊጥ ላይ የተመሠረተ ነው። እርሻው ከከተማ ይርቃል፤ ዘመድም በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ተከፋፍሎ ይኖራል። ስለዚህ አቅም ያለው ቤተሰብ ጥቂት ገንዘብ ባጠራቀመ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው አራቱም ጐማዎቹ ከሞተሩ ኃይል የሚቀበሉ አንድ ጠንካራ መኪና መግዛትን ነው። እንዲህ ያለው መኪና ለጠረፍ ቤተሰብ ጌጥ አይደለም። በክረምት ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሐኪም ቤት የምትደርሰው፣ በወባ የታመመ ሕፃን ከእርሻ ቦታ የሚወጣው፣ በአጨዳ ጊዜ ለሠራተኛው ውሃና ስንቅ የሚደርሰው በእርሱ ነው። የብዙ ዓመት ጥሪት የሚወጣበት በመሆኑም፣ ምርጫው የተሳሳተ እንደ ሆነ ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አይወሰንም።

ገዢውን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጋጥመው ጥያቄ ሞተሩ የቤንዚን ይሁን ወይስ የናፍታ የሚል ነው። በገበያ መካከል ለዚህ ጥያቄ መልሱ ብዙ ነው፤ ሾፌሩ አንድ ነገር ይናገራል፤ መካኒኩ ሌላ ይላል፤ ሻጩም የያዘውን ያመሰግናል። ነገር ግን በዓለም ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ሞተር የሚባል የለም። የሚበጀውን ለማወቅ ቤተሰቡ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ መመርመር አለበት፤ እነርሱም በሚሄድበት መንገድ ላይ ንጹሕ ሆኖ የሚገኘው ነዳጅ የትኛው ነው፣ በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ይጓዛል፣ ሞተሩ ሲበላሽ በአቅራቢያው የሚጠግነው ማን ነው የሚሉት ናቸው።

የሁለቱ ሞተሮች አሠራር

የቤንዚን ሞተር የሚሠራው በእሳት ፍንጣሪ ነው። አየርና ቤንዚን ተቀላቅለው በሲሊንደሩ ውስጥ ሳሉ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከስምንት እስከ ዐሥራ አንድ እጥፍ ያህል ያምቃቸዋል፤ በዚያን ጊዜ ካንዴላው የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ሰጥቶ ያቀጣጥላቸዋል። ባለ አራት ምቱን ሞተር ለሥራ ያበቃው ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ ሲሆን፣ ይህም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1876 ነበር።

የናፍታ ሞተር ግን ፍንጣሪ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ የሚያምቀው አየርን ብቻ ነው፤ የሚያምቀውም ከዐሥራ ስድስት እስከ ሃያ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። የብስክሌት ጐማ የነፋ ሰው ሁሉ መንፊያው እንደሚሞቅ ያውቃል፤ አየር ሲታመቅ ይግላልና። በናፍታ ሞተር ውስጥ የታመቀው አየር ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ ናፍታው በፖምፓ ተገፍቶ በጠባብ ቀዳዳ እንደ ጉም ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ይህን አሳብ ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው መሐንዲስ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1897 በሚሠራ ሞተር አሳየ፤ ሞተሩም በስሙ ተጠራ።

ከዚህ ልዩነት ሌላው ሁሉ ይከተላል። የናፍታ ሞተር ብርቱ እመቃን መቻል ስላለበት አካሉ ወፍራምና ከባድ ነው፤ ዋጋውም ይወደዳል፤ ድምፁም ይጐላል። ነገር ግን ነዳጅ ይቈጥባል፤ በዝግታ እየዞረም ብዙ ጕልበት ይሰጣል። የቤንዚን ሞተር ቀላልና ፈጣን ነው፤ በቀላሉ ይነሣል፤ መለዋወጫውም ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። ይሁን እንጂ ነዳጅ ይበላል፤ በኤሌክትሪክ ፍንጣሪ የሚሠራ በመሆኑም ውሃ ገመዶቹን ያረጠባቸው እንደ ሆነ ይጠፋል።

የመኪኖቹም ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1948 የታየው የመጀመሪያው ላንድሮቨር የቤንዚን ነበር፤ የናፍታ ሞተር የተጨመረለት በ1957 ነው። የቶዮታ ላንድክሩዘር ቀዳሚ የሆነው መኪና በ1951 የተሠራው በቤንዚን ሞተር ሲሆን፣ በ1984 የወጣው ሰባኛው ተራ ላንድክሩዘር ግን በአፍሪካ ገጠር ስሙን ያገኘው ከሁሉ ይልቅ በናፍታ ሞተሮቹ ነው። ከእነዚህም መካከል ከ1990 ጀምሮ የተሠራው፣ ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ስፋት ያለው፣ ቱርቦ የሌለበት ሞተር በቆላ አገር ብዙ ዘመን በማገልገሉ በመካኒኮች ዘንድ የታወቀ ነው።

የሊትርና የኪሎ ሜትር ሒሳብ

አንድ ሊትር ናፍታ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ይልቅ ከመቶ ዐሥር እስከ ዐሥራ ሦስት እጅ ያህል የሚበልጥ ኃይል በውስጡ ይዟል። የናፍታ ሞተርም ያገኘውን ኃይል በሚገባ ይጠቀምበታል። ስለዚህ መጠናቸው ተመሳሳይ ከሆኑት ከባድ መኪኖች የናፍታው በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ያህል ሲወስድ፣ የቤንዚኑ 16 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል ብሎ ማሰብ ይቻላል።

በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ቤተሰብ በዚህ ስሌት 1,200 ሊትር ናፍታ ወይም 1,600 ሊትር ቤንዚን ያስፈልገዋል። ልዩነቱ 400 ሊትር፣ ማለት ሁለት ሙሉ በርሜል ነው። በዓመት 3,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነዳ የከተማ ቤተሰብ ግን የሚያተርፈው 120 ሊትር ነው። እንግዲህ የናፍታው መኪና ከቤንዚኑ መኪና የሚወደደው በ2,000 ሊትር ነዳጅ ዋጋ ቢሆን፣ የሁለቱም ነዳጅ ዋጋ ተቀራራቢ ሲሆን፣ ፊተኛው ቤተሰብ ተጨማሪውን ወጪ በአምስት ዓመት ይመልሳል፤ ሁለተኛው ግን ከዐሥራ ስድስት ዓመት በላይ መጠበቅ አለበት። የናፍታ ሞተር የዘይትና የፊልትሮ ወጪ በአብዛኛው ከፍ ያለ መሆኑም ሲታሰብ፣ ለሁለተኛው ቤተሰብ ትርፉ ከንቱ ይሆናል።

በዚህ ስሌት የብርን ዋጋ ትቶ ሊትር መቍጠር ይሻላል። በኢትዮጵያ የነዳጅ ዋጋ በመንግሥት እየተወሰነ በየጊዜው ይለወጣል፤ ከ2014 ዓ.ም. ፍጻሜ ጀምሮም ድጐማው ደረጃ በደረጃ እየተነሣ ለሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ሲወሰን፣ የቤት መኪና ባለቤት ሙሉውን ዋጋ ወደ መክፈል ሄዷል። ዛሬ አንዱ ነዳጅ በጥቂት ሳንቲም ረክሶ ቢገኝ፣ መኪናው በሚያገለግልበት በዐሥራ አምስትና በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያው ይኖራል ማለት አይቻልም።

ለጠረፍ ሰው ከቍጠባው የሚበልጥ ሌላ ጥቅም አለ። የመኪናው የነዳጅ ሰልባትዮ 90 ሊትር የሚይዝ ቢሆን፣ በላይ በተነገረው ስሌት የናፍታው መኪና 750 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የቤንዚኑ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ። ከጎንደር ገዳሪፍ ደርሶ መመለስ ደግሞ 700 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ ናፍታው በመንገድ ላይ ማደያ ቢዘጋም ቤተሰቡን ወደ ቤቱ ሊመልሰው ይችላል፤ ቤንዚኑ ግን በመመለሻው መንገድ ላይ፣ ገና ጠረፉን እንዳለፈና ዳገቱን ሳይጨርስ ይቆማል።

ስለ ደጋና ስለ ቆላ

ሞተር እንደ ሰው አየር ይተነፍሳል። በጎንደር ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ በመሆኑ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ቤንዚንም ሆነ ናፍታ በባሕር ጠለል ላይ ከነበረው ጕልበት አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ያጣል። መተማ ዝቅ ያለ ቢሆንም በ40 ዲግሪ ሙቀት አየሩ ይለጠጥና ይሳሳል፤ ስለዚህ በበጋ ቀትር በዚያም ቢሆን ከመቶ ዐሥራ አምስት እጅ ያህል ይጐድላል። ቱርቦ የሚባለው መሣሪያ በጭሱ ግፊት እየዞረ አየርን ወደ ሞተሩ የሚገፋ በመሆኑ ይህን ጕድለት በብዛት ይሸፍናል።

ሙቀት ከሁለቱ ሞተሮች ይልቅ የሚፈትነው የነዳጁን ጠባይ ነው። ቤንዚን ቶሎ የሚተን ነዳጅ በመሆኑ፣ ካርቡራተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች ውስጥ ገና በቱቦው ሳለ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ሞተሩን ያቆመዋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ ቱቦውን በርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ የቆየ መድኃኒት ነው። የቤንዚን እንፋሎት ከዜሮ ዲግሪ በታች እንኳ በትንሽ ፍንጣሪ ይቀጣጠላል፤ ናፍታ ግን እንዲቀጣጠል አስቀድሞ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ስለዚህ ቤንዚን በጄሪካን ሞልቶ ሕፃናት በተቀመጡበት መኪና ውስጥ መጫን ትልቅ አደጋ ነው። ናፍታም ቢሆን በጣራ ወይም በኋላ በውጭ በኩል ታስሮ መሄድ ይገባዋል፤ አደጋው ግን በጣም ያነሰ ነው።

ነዳጁ ከየት ይመጣል?

በገዳሪፍ አውራጃ በትራክተር ማረስ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1944 ገደማ፣ ለሠራዊት ቀለብ የሚሆን ማሽላ ለማምረት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰፊው ጥቍር መሬት እስከ ድንበሩ ድረስ በትራክተር ሲታረስ ኖሯል፤ በመተማና በሑመራም እንዲሁ። ትራክተርና ከባድ የጭነት መኪና የሚሠሩት በናፍታ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ናፍታ ከከተማ ውጭም በበርሜል ይገኛል፤ የናፍታ ፖምፓ የሚያውቅ መካኒክም በእርሻ አካባቢ አይጠፋም። በሰኔና በሐምሌ፣ በዘር ወቅት፣ ግን ትራክተሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ በናፍታ ላይ ሽሚያ ይሆናል። አስተዋይ ቤተሰብ ለክረምቱ የሚበቃውን አስቀድሞ ያዘጋጃል።

የቤንዚን ታሪክ ከዚህ ይለያል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ2000 በኋላ ባሉት ዓመታት ኢትዮጵያ ከቤንዚኗ ብዙውን ከሱዳን ትገዛ ነበር፤ ቦቴዎችም በዚሁ በገዳሪፍና በመተማ መንገድ ይመላለሱ ነበር። ከካርቱም በስተ ሰሜን በጀይሊ ያለው ማጣሪያ ሥራ የጀመረው በ2000 ነው። በ2011 ደቡብ ሱዳን ራሷን ስትችል ግን ሱዳን ከዘይት ሀብቷ ሦስት አራተኛ ያህሉን አጣች፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ደግሞ ማጣሪያው የውጊያ ቦታ ሆኖ ክፉኛ ተጐዳ። ዛሬ ወደ መተማ የሚደርሰው ነዳጅ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ ነው፤ በገዳሪፍ ያለውም ከፖርት ሱዳን በከሰላ በኩል ይመጣል። ጠረፉ ከሁለቱም ወገን የመንገዱ መጨረሻ በመሆኑ፣ አንድ ቦታ እክል በተፈጠረ ጊዜ አስቀድሞ የሚደርቀው የእርሱ ማደያ ነው።

የስሙም ነገር ጥንቃቄ ይሻል። በሱዳን «በንዚን» ማለት ቤንዚን ነው፤ «ጃዝ» ወይም «ጃዞሊን» ማለት ግን ናፍታ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ጃዝ» ሲባል ሰምቶ የመብራቱን ነጭ ጋዝ፣ ማለት ላምባን የመሰለው እንደ ሆነ ተሳስቷል፤ የአሜሪካን መጻሕፍት ያነበበም «ጃዞሊን» ቤንዚን ሊመስለው ይችላል፤ አሜሪካኖች ተመሳሳዩን ቃል ለቤንዚን ይጠቀሙበታልና። ስለዚህ በገላባትም ሆነ በዶካ ማደያ የመኪናው ባለቤት ቀጂው ከመቅዳቱ በፊት ነዳጁን በዓይኑ አይቶ፣ በአፍንጫው አሽትቶ ይለይ።

ተሳስቶ ቤንዚን በናፍታ መኪና የቀዳ ሰው ሞተሩን ፈጽሞ ማስነሣት የለበትም። የናፍታው ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍታው ቅባትነት ነው፤ ቤንዚን ግን ቅባቱን አጥቦ ብረቱን ከብረት ያፋጨዋል። መኪናውን ገፍቶ ከመንገድ ማውጣትና ሰልባትዮውን ጨርሶ ማጋባት ብቻ ያድናል። ናፍታ በቤንዚን መኪና ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ሞተሩ እየጨሰ ይጠፋል፤ ሰልባትዮውና ካንዴላዎቹ ከታጠቡ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይበላሽ ይነሣል።

ስለ ነዳጅ ንጽሕና

ማደያ በደረቀ ጊዜ ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ በመንገድ ዳር ይሸጣል። ይህ ቤንዚን ብዙ ጊዜ ላምባ ይቀላቀልበታል። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ያለ ጊዜው ስለሚቀጣጠል፣ በዳገት ላይ ሞተሩ እንደ መዶሻ ሲያንኳኳ ይሰማል። ይህ ድምፅ ፒስተኑ እየተመታ መሆኑን ያስታውቃል፤ እንዲህ ያለውን ነዳጅ በእግር ጫና ማስገደድ ሞተሩን ያቃጥላል።

የናፍታ ጠላት ውሃና አቧራ ነው። በበርሜል የቆየ ናፍታ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከአየሩ ጤዛ ይስባል፤ ውሃውም ከናፍታ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል። ስለዚህ ከበርሜል የሚቀዳ ሰው በርሜሉን ሳያንቀሳቅስ አሳድሮ፣ ከሥር አንድ ጋት ያህል አስቀርቶ ከላይ ይሳብ፤ በጥሩ ማጥለያም ያጥልለው። በመኪናው ላይ ያለውን የውሃ መለያም በየሳምንቱ ከፍቶ ማፍሰስ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ይህን ቸል ያለ ሰው ግን የፖምፓ ዋጋ ይከፍላል።

በዚህ ረገድ በናፍታ ሞተሮች መካከል ትልቅ ልዩነት መኖሩን ብዙ ገዢ አያስተውልም። አሮጌው ሞተር ነዳጁን የሚረጨው በመካከለኛ ግፊት በመሆኑ ጥቂት ጕድፍ ይታገሣል። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፉት አዲሶቹ ግን በኤሌክትሮኒክ እየታዘዙ ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫሉ፤ ቀዳዳዎቻቸውም ከፀጉር ብዙ አይሰፉም። ከእነርሱም ብዙዎቹ በጭስ ማውጫው ላይ የጥላሸት ማጥለያ ስላለባቸው ድኝ ያልበዛበት ንጹሕ ናፍታ ይሻሉ። እንዲህ ያለው መኪና በኤውሮፓ መንገድ ላይ ያስመሰግናል፤ ከእርሻ በርሜል የተቀዳ ናፍታ በጠጣ ጊዜ ግን መርጫዎቹ ይደፈናሉ፤ የሚጠግነውም ልዩ መመርመሪያ ያለው ትልቅ ጋራዥ ብቻ ነው። ለጠረፍ ቤተሰብ አዲሱ ረቂቅ የናፍታ ሞተር ከቀላሉ የቤንዚን ሞተር ይልቅ የሚያሳስብ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጭቃና ስለ ወንዝ

ከገንዳ ውሃ እስከ ገዳሪፍ ያለው መሬት አብዛኛው ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ዝናብ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ይሆናል፤ ከጐማው ላይ ተጣብቆ ጥርሱን ይሞላዋል። ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ እርሻ የሚገባ መኪና በናፍታ ሞተሩ ተማምኖ ቢገባ አይወጣም። የናፍታ ሞተር በዝግታ እየዞረ ኃይል መስጠቱ ጐማው በከንቱ እንዳይሽከረከር ይረዳል፤ መኪናውን የሚያወጡት ግን ጥልቅ ጥርስ ያለው ጐማ፣ አካፋ፣ ሳንቃና ገመድ ናቸው። ከሁሉም በላይ የሚያድነው ዝናብ ከዘነበ በኋላ መሬቱ እስኪጠነክር አንድ ወይም ሁለት ቀን መታገሥ ነው።

በውሃ ውስጥ ማለፍ ሁለቱን ሞተሮች በተለያየ መንገድ ይጐዳቸዋል። የቤንዚኑ ሞተር የፍንጣሪ ገመዱ ሲረጥብ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲደርቅ ግን ይነሣል። የናፍታው ገመድ ስለሌለው አይቆምም፤ ሾፌሩም ስለዚህ ይደፋፈራል። ነገር ግን ውሃ በአየር መሳቢያው ከገባ አይታመቅምና የፒስተኑን ክንድ ያጐብጠዋል፤ ሞተሩም በዚያው ይሰበራል። እንግዲህ የአየር መሳቢያውን በረጅም ቱቦ እስከ ጣራ ማውጣት ይጠቅማል። በጓንግም ሆነ በሌላ ወንዝ ማንም ሰው በእግሩ ገብቶ ያልለካውን ውሃ በመኪና አይግባ፤ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ቆላው ፀሐይ ሳለ ድንገት ደራሽ ሆኖ ይመጣልና።

ያገለገለ መኪና ሲገዛ

በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተወሰነ። የኤሌክትሪክ መኪና በከተማ ለሚኖርና መሙያ ላለው ቤተሰብ ሊታሰብ የሚገባው ነው፤ በጠረፍ መንገድ ግን መሙያው የት እንዳለ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ብዙው የጠረፍ ገዢ የሚመርጠው በአገር ውስጥ ካሉት ያገለገሉ መኪኖች መካከል ነው። በዚህ ጊዜ ከሞተሩ ዓይነት ይልቅ የሞተሩ ጤንነት ይበልጣል።

ገዢው መኪናውን ማለዳ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ሻጩ ሳያሞቀው ሄዶ ይመልከት። የናፍታ ሞተር እመቃው የደከመ እንደ ሆነ በብርድ በግድ ይነሣል፤ ከሞቀ በኋላ ግን ሕመሙን ይደብቃል። ጭሱንም ያስተውል፤ ጥቍር ጭስ የተደፈነ የአየር ፊልትሮን ወይም ያለ ልክ የሚረጭ ፖምፓን ያመለክታል፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ይናገራል፤ ሞተሩ ሞቆም የማይቆም ነጭ ጭስ ውሃ ወይም ያልተቃጠለ ናፍታ አለ ማለት ነው። የዘይቱ መልክ እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል፤ እንዲህ ያለውን መኪና ትቶ መሄድ ይሻላል። በቤንዚን መኪና ካንዴላዎቹ ይፈቱና ይታዩ፤ ቡናማ መልክ መልካም ነው፤ ጥላሸትና ዘይት የለበሱ ከሆኑ ግን ሞተሩ ታሟል።

ከዚያም በኋላ መኪናው ሰው ጭኖ በረጅም ዳገት ላይ ይፈተን፤ የሙቀቱ መለኪያም ይታይ። በመጨረሻም የሞተሩ ቍጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር ይመሳከር። የቤንዚን ሞተሩ ወጥቶ የናፍታ ሞተር የገባበት መኪና አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ለውጡ በሊብሬው ካልተመዘገበ በጠረፍ ኬላ ላይ ባለቤቱን ያስቸግረዋል።

የምርጫው መደምደሚያ

በጎንደር ወይም በገዳሪፍ ከተማ ተቀምጦ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያመላልስና በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ወደ ዘመድ የሚሄድ ቤተሰብ፣ ነዳጁን ከታወቀ ማደያ የሚቀዳ ከሆነ፣ በቤንዚን ሞተር አይጐዳም። የገዛበት ዋጋ ያንሳል፤ ጥገናውም ይቀላል።

በመተማ፣ በገንዳ ውሃ ወይም በዶካ አካባቢ እርሻ ያለው፣ በወር ብዙ ጊዜ የሚመላለስና ከማደያ ርቆ የሚያድር ቤተሰብ ግን ቀላል አሠራር ያለውን የናፍታ ሞተር ቢመርጥ ይሻለዋል። አንድ ሙሉ ሰልባትዮ ሩቅ ያደርሰዋል፤ ናፍታውን ከትራክተሩ ጋር ይጋራል፤ የሚጠግነው መካኒክም በአጠገቡ አለ።

አዲሱንና ረቂቁን የናፍታ ሞተር የሚሻ ቤተሰብ ደግሞ ንጹሕ ናፍታ ዘወትር የሚያገኝበትንና ሞተሩን የሚመረምርለትን ጋራዥ አስቀድሞ ይወቅ። ሁለቱን ካላገኘ ገንዘቡን አይክፈል።

ገዢው ከመዋዋሉ በፊት አንድ ቀን ወስዶ የሚሄድበትን መንገድ ማደያ በማደያ ቢጠይቅ፣ በየመንደሩ ያለው መካኒክ የትኛውን ሞተር እንደሚፈታ ቢያጣራ፣ ያለፈውን ክረምት ናፍታና ቤንዚን ስንት ሳምንት እንደ ጠፉ ከሾፌሮች ቢሰማ፣ ከሻጭ ምስጋና የሚበልጥ እውቀት ይዞ ይመለሳል። በሐምሌ ሌሊት፣ ዝናብ እየወረደ፣ በሽተኛ በኋላ ወንበር ተኝቶ ሳለ፣ ሞተሩ እንዲነሣ የሚያደርገው በዚያ ቀን የተጠየቀው ጥያቄ ነው።